ቆሻሻው የሚከመረው ወሰን ላይ ነው

ዛሬ የማነሣው ሁለት ጉዳይ ነው፤ አንዱ የቀበሌና የምርጫ ክልል ወሰን፣ ሌላው በየቀኑ ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ። «ምርጫና ቆሻሻ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግንኙነቱን ያየሁት በሥራዬ ነው። በነርስነት በዲፕሎማ ከተመረቅሁበት ጊዜ አንሥቶ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለክትባት፣ ለእናቶች ክትትልና ለንጽሕና ትምህርት ቤት ለቤት ስዞር ኖሬአለሁ። በዚያ ሁሉ ዙረት ትልቁን የቆሻሻ ክምር ከቀበሌ መካከል ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው። ክምሩ ያለው ዳር ላይ ነው፤ ሁለት ቀበሌ በሚገናኝበት ፈፋ፣ ከተማው አልቆ ገጠሩ በሚጀምርበት መንገድ፣ የአንዱ ኃላፊነት አብቅቶ የሌላው ባልጀመረበት ቦታ።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የጽዳት ማኅበር ልጆች ጋሪያቸውን የሚገፉት ውል እስከገቡበት ድረስ ነው። የማዘጋጃ ቤት መኪና ገንዳ የሚያነሣው ከተመደበለት ቦታ ነው። የቀበሌ ሊቀ መንበር የጽዳት ዘመቻ የሚጠራው የራሱን ነዋሪ ነው። ስለዚህ ሰው ማንም የማይቆጣበትን ቦታ ፈልጎ ይደፋል። ዝንብና አይጥ ግን የቀበሌ መታወቂያ የላቸውም፤ ከወዲህም ከወዲያም ይገባሉ።

ከዓመታት በፊት በሠራሁባት አንዲት ከተማ የሆነውን ላጫውታችሁ። አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። በሁለት ቀበሌዎች መካከል ባለ ፈፋ ውስጥ የጠፋ ኳስ ሲፈልግ የተሰበረ ጠርሙስ እግሩን ሰንጥቆታል። ቁስሉን አጥበን ሰፋነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ሰጠነው። እናቱ ግን ጥያቄ ነበራት፤ «ሲስተር፣ ያንን ክምር የሚያነሣልን ማን ነው?» አለችኝ። ከሥራ ስወጣ ተያይዘን ሄድን። አንደኛው ቀበሌ «ከፈፋው ወዲያ ነው፤ የእነሱ ነው» አለን። ሁለተኛው ደግሞ «ፈፋው ወሰን ነው፤ ወሰን የጋራ ስለሆነ ብቻችንን አንነካውም» አለ። ሁለቱም በወረቀቱ መሠረት አልዋሹም። እሷም «ልጄ እኮ የወደቀው ከመካከሉ ላይ ነው!» ብላ ወጣች። ክምሩን በመጨረሻ ያነሡት የወዲህና የወዲያ ማዶ እድሮች ናቸው፤ በወር አንድ ቅዳሜ ተራ ይዘው አጸዱት። እድር ባይኖር ኖሮ እስከዛሬም እዚያው በነበረ።

ወሰኑ ከየት መጣ?

የገጠር ቀበሌያችን መነሻው የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው። የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም መለኪያው ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር ያህል መሬት ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ፈጠረ፤ የከተማ ቀበሌ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀበሌዎች ተጣምረዋል፣ ተከፍለዋል፣ ቁጥራቸውም ስማቸውም ተቀያይሯል። ይሁን እንጂ መጀመሪያ መሬት ለማከፋፈል የተበጀው አሠራር ቀስ በቀስ መታወቂያ የሚወጣበት፣ ድምፅ የሚሰጥበት፣ ጤና ኬላ የሚሠራበትና ቆሻሻ የሚነሣበት ሆነ።

ወሰን በእኔ ሙያ ምን ያህል እንደሚያመጣ በቁጥር ላሳያችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 የጤና ፓኬጆች ነበሩት፤ የደረቅና የፍሳሽ ቆሻሻ አወጋገድ አንዱ ነው። ዕቅዱ ለ5,000 ሰው አንድ ጤና ኬላና ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚል ነው። እያንዳንዷ ሠራተኛ 2,500 ሰው ይደርሳታል ማለት ነው። የቀበሌው ሕዝብ 10,000 ሆኖ ወሰኑ ባለበት ከቀረ፣ ያቺው ልጅ 5,000 ሰው ትሸከማለች። ነፍሰ ጡሯን ትከታተል? ሕፃኑን ትከትብ? ወይስ ጉድጓድ ስለመቆፈር ታስተምር? መጀመሪያ የሚቀረው ሁልጊዜ የቆሻሻው ትምህርት ነው።

ቆጠራውና ወንበሩ

ወደ ምርጫ ክልል እንለፍ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ እንዲደረግና በቆጠራው ውጤት መሠረት ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን አከላለል እንዲወስን ይደነግጋል። ቆጠራ የተደረገው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው ተራዝሞ ተራዝሞ ሰኔ 2011 ላይ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው እንደገና አራዘሙት። የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮችም ከ1987ቱ ምርጫ ጀምሮ 547 ናቸው፤ ከእነዚህ 138ቱ የአማራ ክልል ነው።

የ1999ኙ ቆጠራ የአዊን ዞን ሕዝብ 982,942 ብሎ መዝግቦታል። ያ ቆጠራ ሲካሄድ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ መራጭ ሆኗል። በእነዚህ ዓመታት እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ ዳንግላም ሰፍታለች፤ እንደ ጥርባ ባሉ ትንንሽ ከተሞቻችንም ትናንት የድንች ማሳ የነበረው ዛሬ ቆርቆሮ ለብሷል። ሰው የሰፈረው በአዲስ ቦታ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን የድሮው ነው። የገንዳ ብዛት፣ የጽዳት በጀት፣ የሠራተኛ ምደባ የሚታሰበው በቁጥር ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ የሌለ ሰፈር ገንዳም የለውም።

ከሁሉ ለቤታችን የሚቀርበው የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ነው። እኛ ዘንድ ከክልሉ ምክር ቤት ሌላ የአዊ ብሔረሰብ ምክር ቤትም አለን፤ በክልሉ ሕገ መንግሥት የታወቀ ነው። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት እስከ 300 እንዲደርሱ ተደርጎ ነበር። ይህ ማለት ቡና የምትጠራራት ጎረቤት እንኳ የምክር ቤት አባል ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ። በ2005 ገና 18 ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ 30 አልፎት፣ አግብቶ፣ ልጅ ወልዷል፤ ለሰፈሩ ገንዳ ተጠያቂ የሚሆን ሰው በድምፁ የመረጠው ግን ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ካርድ ያልወሰዱትን ታናናሾቹንማ ተዉአቸው።

ሰንዳፋና ቆሼ

የወሰንና የቆሻሻ ነገር ሲበላሽ እስከምን እንደሚደርስ አገራችን አይታለች። አዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ረጲ ላይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆሻሻዋን ስትደፋ ኖረች። ቦታው ሲሞላ አዲስ ዘመናዊ ማስወገጃ በሰንዳፋ ተሠራ። ሰንዳፋ ያለችው በኦሮሚያ ክልል ነው፤ የአካባቢው ገበሬ ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ድምፅ አይሰጥም። የሚደፋው የከተማው ቆሻሻ ነው፤ ሽታውን የሚተነፍሰው፣ ለውኃውና ለከብቱ የሚሰጋው ግን የከተማውን ሹም መምረጥም መሻርም የማይችል ሰው ነው። ማስወገጃው በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዓመት ሳይሞላው በነዋሪው ተቃውሞ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበራቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። የናዳው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ከአሥርት ዓመታት በላይ የተቆለለ ክምር ነበር፤ ድሆችም ከሥሩ ቤት ቀልሰው ይኖሩ ነበር። ነገር ግን የሰንዳፋ ሰዎች ከመጀመሪያው ተጠይቀው፣ ተስማምተው፣ ከጥቅሙም ተካፍለው ቢሆን ኖሮ ቆሻሻው ወደዚያ ተራራ ባልተመለሰ ነበር። ወሰን ተሻግሮ የሚሄድ ቆሻሻ ወሰን ተሻግሮ የሚሄድ ምክክር ያስፈልገዋል።

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ዳሩ ግን ከእኛ ቤት የሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ ልጣጭ፣ ቅጠልና የምግብ ትራፊ፣ ማለትም እርጥብ ነገር ነው። እርጥብ እንጨት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ምድጃ ሥር የተቀመጠች እናት ሁሉ ታውቃለች። ማሽን ቢመጣም መለየት ያለበት ከቤት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። የቤተሰቡ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው ለይቶ ወደተዘጋጀለት ቦታ እንዲወስድ አዝዟል። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ፈቃድ እንዳያገኝም ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል፤ ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ሊቀጣ ይችላል። ሕጉ ባልከፋ። ነገር ግን «ለይታችሁ አምጡ» የሚል ሕግ «የት እናምጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። መልሱን የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለ ምክር ቤት ሳይሆን የኛው የከተማና የቀበሌ ምክር ቤት ነው።

ትንሽ ምክር ቤት ትልቅ ነገር መሥራት እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በጃፓን ተራሮች መካከል ካሚካትሱ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ነዋሪዋ ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም። ምክር ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2003 «ከእንግዲህ የሚጣል ቆሻሻ አይኖረንም» ብሎ ወሰነ። የቆሻሻ መኪና የላቸውም። ሰው ራሱ ይዞ ሄዶ በ45 ዓይነት ይለያል። የጀመሩት ግን ከ45ቱ አይደለም፤ ምክር ቤቱ ገንዘብ ደግፎ እያንዳንዱ ቤት የምግብ ትራፊውን በጓሮው እንዲያበሰብስ በማድረግ ነው። ለእኛ 45 አያስፈልገንም፤ አራት ይበቃናል።

አራቱ ዕቃዎች

አንደኛው የሚበሰብስ ነው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የቡና አተላ፣ ገለባ። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ ፋንድያ በየደጁ አለ። በጓሮ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። ዝናባችን ብዙ ስለሆነ ጠርዙን በአፈር ከፍ አድርጉት፤ ከላይም በሣር ክደኑት፤ አለዚያ ይጠነባል። አንድ ንብርብር ደረቅ ገለባ፣ አንድ ንብርብር ልጣጭ፣ ጥቂት ፋንድያ ወይም እበት፣ ከምድጃ ትንሽ አመድ፣ ከዚያ ስስ አፈር። በእጅ ሲጨምቁት የሚያረጥብ እንጂ ውኃ የሚያንጠባጥብ መሆን የለበትም። በየሦስት ሳምንቱ አገላብጡት። በሦስት በአራት ወር፣ በብርድ አገር ትንሽ ዘግይቶ፣ ጥቁር ብስባሽ ይሆንላችኋል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አትጨምሩበት፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። ለከብት የሚሆን አተላና ትራፊ መጀመሪያ ለከብት ይሂድ።

ሁለተኛው የሚሸጥ ነው። ሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ጀሪካን። ቆራሌው ሲመጣ አንድ ሁለቱን ይዞ ከመሮጥ በአንድ ጆንያ አጠራቅሙት። የመርካቶው ምን አለሽ ተራ ስንት ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ሌላው በጣለው ዕቃ ነው። ክፍት ጣሳና አሮጌ ጎማ ደጅ አታስቀምጡ፤ ውኃ ከያዘ ትንኝ ይራባበታል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በድሬዳዋ የታየውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትወደው እንዲህ ያለውን ዕቃ ነው።

ሦስተኛው አደገኛ ነው። ምላጭ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋበት መርፌ። መርፌውን ወፍራም ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ እዚያ የማቃጠያ ቦታ አለ። የጽዳት ማኅበር ልጆች በባዶ እጃቸው ጆንያችሁን እንደሚያነሡ አትርሱ፤ እነሱም የእናት ልጆች ናቸው።

አራተኛው የተረፈው ነው፤ ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ የተቀደደ ፌስታል። ወደ ገንዳው መሄድ ያለበት ይህ ብቻ ነው። ዳይፐር ውስጥ ያለው ዓይነ ምድር መጀመሪያ ሽንት ቤት ይራገፍ። ክልላችን በትራኮማ ክፉኛ የተጠቃ ነው፤ በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን የምታደርሰው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ዝንብ በሞቃት ወቅት ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃታል፤ ስለዚህ ገንዳ በሳምንት ሁለት ጊዜ መነሣት አለበት የምንለው ለጌጥ አይደለም። አደራ፣ ፌስታልና ፕላስቲክ አታቃጥሉ፤ ከሰል ለማቀጣጠልም አትጠቀሙበት። ጭሱ መርዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚስበውም ጀርባችሁ ላይ ያዘላችሁት ሕፃን ነው።

ምክር ቤቱን ምን እንጠይቅ?

አካባቢያችን በጸጥታ ችግር በተጨነቀበት ጊዜ ስለ ወሰንና ስለ ገንዳ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። እኔ ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ነው በሽታ የሚብሰው እላለሁ። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ይዘገያል፤ ቆሻሻ ግን አይዘገይም፤ በየቀኑ ይወጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የምርጫ ክልል ለውጥ በፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ የቀበሌና የወረዳ አደረጃጀት ደግሞ በክልል የሚወሰን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛዎቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጣቸው ይላል። ስለዚህ ቆጠራ ሲመጣ ከቤት የተኛውን ሕፃን ጨምራችሁ አስመዝግቡ፤ አንድ ያልተቆጠረ ሰው አንድ ያልተመደበ ባልዲ ነው። ምርጫ ሲመጣ ካርድ አውጡ። እስከዚያው ግን በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ አራት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ፦ የቀበሌያችን ወሰን የሚያልፈው በየት ነው? ለሁሉ በሚታይ ቦታ ለምን አይለጠፍም? ሁለት፦ ወሰኑ ላይ ያለውን ገንዳ የሚያነሣው ማን ነው? በየስንት ቀኑ? ሦስት፦ በጀት የሚያዝልን በስንት ሰው ሒሳብ ነው? ዛሬስ ስንት ነን? አራት፦ ሰፈር ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ሲዛወር ገንዘቡ፣ የጽዳት ማኅበሩና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አብረው ይዛወራሉ ወይስ ወረቀቱ ብቻ ነው የሚሄደው?

መልሱን በደብተር ጻፉት፤ ቀኑንና የመለሰውን ሰው ኃላፊነት ጨምሩበት፤ ከዚያ በእድር ስብሰባ ላይ አንብቡት። የአጎራባች ቀበሌ እድርንም ጥሩ። ከወዲህም ከወዲያም ያሉ ሰዎች አንድ ደብተር ላይ ከፈረሙ «የእነሱ ነው» የሚል መልስ ቦታ አያገኝም።